የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን በዚህ ዓመት ግጥሙንና ጭውውቱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ትቶ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እየተሰበሰበ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ሠርቷል፤ ይኸውም በአጭር ልቦለድ ውስጥ አንባቢን ይዞ የሚቆይ ትዕይንት መጻፍ ነው። አባላቱ መቼት (ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ)፣ ሴራ (የድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት መያያዝ)፣ ግጭትና ልብ ሰቀላ (አንባቢን በጉጉት ማቆየት) ምን እንደሆኑ ከመማሪያ መጽሐፋቸው አጥንተው የመጡ ቢሆኑም፣ ብዕር ሲያነሡ ግን ታሪካቸው በፀሐይ መውጣት ይጀምርና ዋናው ገጸ ባሕርይ በመኪና አደጋ ሲሞት ያበቃ ነበር። (የገጸ ባሕርያት ዕድር ቢኖር ኖሮ ገና በኅዳር በከሰረ ነበር።)

ስለዚህ አስቀድመን የያዝነው መመሪያ፣ በትዕይንቱ ያለው ሰው ከሌላው የሚፈልገው ነገር እንዲኖርና ያንን እንዳያገኝ የሚይዘው ምክንያትም እዚያው እንዲታይ የሚል ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል የቀድሞው ብድር ሳይመለስ ዳግመኛ ስኳር እንድትበደር ስለተላከች ልጅ ስትጽፍ «በጣም አፈረች» ብላ ጀምራ ነበር። በተሻሻለው ጽሑፍ ግን ማለዳውና መንገዱ ወጥተው፣ ትዕይንቱ ከጎረቤት ደጃፍ ይጀምራል።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እትዬ። ጎመኑ እንዴት አምሮበታል!»

ልጅቷ ባዶውን ብርጭቆ በነጠላዋ ሥር ይዛ፣ ስለ ስኳሩ ሳትተነፍስ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ፈተናው ታወራለች፤ ጎረቤቲቱም ነጠላው የተወጠረበትን ቦታ አየት አድርጋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ትዕይንቱ እዚያው ያበቃል። አንዳንድ አባላት አንባቢ እንዳይሳሳት ማብራሪያ ይጨመርበት ብለው አጥብቀው ቢከራከሩም፣ በእኔ እምነት የዓመቱ ምርጥ ሥራ ማብራሪያ ስላልተጨመረበት ነው ምርጥ የሆነው።

ለምልልስ ልምምድ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው እያዳመጥን፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ከአነጋገሩ ለመለየት ሞክረናል። ተራኪው ድምፁን ስለሚለዋውጥ ፈተናው እጅግ ቀልሎ ነበርና፣ በኋላ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍነን ከመጽሐፉ ላይ ደገምነው፤ ያኔም ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ በአነጋገራቸው ብቻ ተለይተው ታውቀዋል። አባላቱ ወደ ራሳቸው ጽሑፍ ሲመለሱ ግን ከአያት እስከ ሊስትሮ ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ እንደሚናገር ራሳቸው ደርሰውበታል፤ ከሚያዝያ ወዲህ የተሠራው አብዛኛው እርማትም ይህንኑ የሚመለከት ነው።

የተመረጡት ትዕይንቶች በቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል። አባላቱ በየአንቀጹ ወደ ልጅነት መመለስ ስለሚወዱ፣ የመጪው ዓመት ሥራችን በምልሰት፣ ማለትም ታሪክን ወደ ኋላ መልሶ በመተረክ ስልት፣ ይጀምራል።