ከመቁላትሽ በፊት መዝኚ

ይድረስ ለልጄ፣

በዚህ ክረምት ቡና ቆልተሽና አሽገሽ ለመሸጥ ማሰብሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ማታ ከምናወራው ይልቅ ቁጥሩ እንዳይጠፋብሽ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ ከደብተርሽ ጋር አስቀምጪው።

ስሌትሽን አየሁት። ከሂርማታ መርካቶ አንድ ፈረሱላ፣ 17 ኪሎ ማለት ነው፣ ኪሎውን በ600 ገዝተሽ በ800 ሸጠሽ 3,400 ብር ይተርፈኛል ብለሻል። ጥሬው 17 ኪሎ ስለሆነ ግን የተቆላው 17 አይሆንም። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውንና ስብርባሪውን ስትለቅሚ 1 ኪሎ ይወጣል እንበል። የቀረው 16 ኪሎ ምጣድ ላይ ውሃው ተኖ፣ ገለፈቱ ረግፎ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ካጠቆርሽው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የቡናው ዋጋ 10,200 ብር ነው፤ ለከሰል፣ ለከረጢትና ለባጃጅ 810 ብንጨምር 11,010። ይህን ለ13.5 ስታካፍዪው አንዱ ኪሎ 815 ብር ከ56 ሳንቲም ገደማ ወጥቶበታል። በ800 ሸጠሽ ስትጨርሺ 210 ብር ከስረሻል፣ ጉልበትሽ ሳይቆጠር። ብዙ ሰው በእጁ ብር ስለሚያይ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ዋናው መጉደሉን የሚያውቀው ሁለተኛውን ፈረሱላ ሊገዛ ሲሄድ ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ ቡናው መልሶ ውሃ ይስባል። ፍሬውን በጥርስሽ ንከሺው፤ ጥርስሽ ሰርጎ ምልክት ከተወ አልደረቀም፣ ውሃ በቡና ዋጋ እየገዛሽ ነው። የገዛሽውን መሬት ላይ አታሳርፊ፤ ከሥሩ ርብራብ ይሁን። የቆላሽውንም ትኩሱን አታሽጊ። ቡና ከተቆላ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣልና ከረጢቱ ይነፋል፤ አንድ ቀን ይረፍ። መፍጨት ደንበኛ ሲያዝ ብቻ ነው፣ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይጠፋል።

ስልክሽ ላይ ጉግል ሺትስን፣ ሂሳብ በሰንጠረዥ የሚያዝበትን መተግበሪያ፣ ክፈቺና ለእያንዳንዱ ቁሊት አንድ መስመር ስጪ፦ ቀን፣ የጥሬው ኪሎ፣ ከለቀማ በኋላ፣ ከቁሊት በኋላ፣ ጠቅላላ ወጪ፣ የተሸጠ፣ በዱቤ የወጣ። ወጪውን ለተቆላው ኪሎ የሚያካፍለውን ቀመር ራስሽ ጻፊ። ለንግዱ ገንዘብ የተለየ የቴሌብር ቁጥር ይኑርሽ፤ የካርድና የሻይ ብር ከገባበት ሂሳቡ አይታመንም። ኮድ መማር እፈልጋለሁ ያልሽውም ከዚሁ ይጀምር። የሦስት ወር መዝገብ ሲኖርሽ፣ የትኛው ደንበኛ በስንት ቀኑ እንደሚመለስ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ሞክሪ። በራስሽ ቁጥር ላይ ስትሠሪ ስህተቱ ወዲያው ይታይሻል።

አክሲዮን ስለመግዛት ጠይቀሽኝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲያቀርብ ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። እንዲህ ላለው ነገር ከትርፍሽ ብቻ አስቀምጪ። አክሲዮን በፈለግሽ ቀን ወደ ብር አይመለስም፤ አዝመራው ገብቶ ቡና ሲረክስ እጅሽ ባዶ ይሆናል።

በቀን 2 በመቶ እንከፍላለን የሚሉትን የቴሌግራም ቡድኖች ግን በዚያው ስልክሽ አስልተሽ እይ። ትርፉ እየተደመረ ቢሄድ 1,000 ብር በዓመት ከ1.3 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ የለም። መጀመሪያ የሚከፍሉሽ ከአንቺ በኋላ ከገቡት ብር ነው፤ ቀጥሎ ብር ማውጣት ይቆማል፣ ከዚያ «ሂሳብሽን ለማስከፈት ክፈዪ» ይላሉ። ጓደኛሽም ብትጋብዝሽ አትግቢ፣ እሷንም አስጠንቅቂያት።

ለሱቆች ማስረከብ ስትጀምሪ 18 ዓመት ስላልሞላሽ ንግድ ፈቃዱን በእኔ ስም እናወጣለን፤ እስከዚያ ለጎረቤት ይበቃሻል።

ሚዛኑን ቁም ሣጥኑ ላይ አድርጌልሻለሁ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ መዝኚበት፣ ከዚያ ልክ 1 ሊትር ውሃ ጨምሪ፤ ልዩነቱ 1 ኪሎ ካልመጣ ንገሪኝ፣ ቅዳሜ ሌላ እንገዛለን።

እናትሽ
ጅማ