የመጀመሪያውን ሳጥን ጨርስ

አቡሽዬ፣

እንዴት ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት እንደነገርኩህ ነው፤ ሐኪም ጋ ሂድ ስለው «ነገ» ይላል። ይሄን በስልክ ልነግርህ ነበር። አንተ ግን በስልክ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብለህ ትዘጋለህ። ስለዚህ ጻፍኩት። እስከ መጨረሻው አንብበው።

እህትህ ካንተ ዘንድ ስትመለስ ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። ይበላል? ይበላል። ቤቱስ? እንደነገሩ ነው። ማታ ማታ ምን ይሠራል? እዚህ ጋ ዝም አለች። ስጎተጉታት «ካርታ ይጫወታል» አለች። ከማን ጋር? «ለብቻው።»

ካርታ የሚለው ቃል እኛ ቤት ሲነሳ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ። የአጎትህን ነገር እዚህ አልደግመውም። ልጄ ሚኒሶታ ድረስ ሄዶ፣ ሥራ ይዞ፣ ደመወዙን እዚያ መንገድ ላይ ጀመረው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በማግስቱ እህትህ ፎቶ አሳየችኝ። መደርደሪያህ ሙሉ የካርታ ጨዋታ ሳጥን ነው። ቁማር አለመሆኑን አስረዳችኝና ልቤ መለስ አለ። ከዚያ ፎቶውን በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ከሳጥኖቹ ግማሹ ፕላስቲኩ እንኳን አልተነሳም።

አሁን የምቆጣህ በዚህ ነው። ተጫወት፣ ማን ከለከለህ? ግን የመጀመሪያውን ሳጥን ሳትጨርስ ሁለተኛ አትግዛ።

«እማዬ አታውቂውም» እንዳትለኝ ተምሬዋለሁ። እህትህ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አስቀምጣ አሳየችኝ። ያ የጀግኖቹ ጨዋታ፣ ማርቭል ቻምፒየንስ፣ በፈረንጆቹ 2019 የወጣው፣ ዋናው ሳጥን ውስጥ አምስት ጀግና አለ። ስፓይደርማን፣ አይረንማን፣ ካፒቴን ማርቭል፣ ሺ ሀልክ፣ ብላክ ፓንተር። እያንዳንዱን ጀግና በአራት ዓይነት ጠባይ ማጫወት ይቻላል፤ አንዱ ማጥቃት ላይ፣ አንዱ መከላከል ላይ፣ ሌላው ፍትሕ፣ ሌላው አመራር። ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፤ ራይኖ፣ ክሎው፣ አልትሮን። አምስት በአራት ሃያ፣ ሃያ በሦስት 60። 60 የተለያየ ጨዋታ አንድ ሳጥን ውስጥ! ከጠላቱ ካርታ ጋር የሚደባለቁትን አምስት ትናንሽ የካርታ ጥቅሎች አንድ በአንድ ስትቀያይርበት ደግሞ 300 ይሆናል። እህትህ «ብዙ ጊዜ ስፓይደርማንን ነው የሚይዘው» አለችኝ። ታዲያ ሌላው ሁሉ የተገዛው ለማን ነው?

ራይኖን በአምስቱም ጀግና አሸንፈህ አሳየኝ። ከዚያ አልትሮን ጋ ሂድ። አልትሮን ካሸነፈህ ሌላ ጀግና ከመግዛትህ በፊት ካርታህን ለውጥ፤ ከ40 እስከ 50 ካርታ መርጠህ ነው የምትገባው፣ ከተሸነፍክ ምርጫህን እይ። ማስፋፊያ የሚሉት ተጨማሪ ሳጥን የሚገዛው ዋናው ሳጥን ሲያንስህ ነው። ተሸንፈህ ስትናደድ የገዛኸው ሳጥን ተከፍቶ አያውቅም፤ ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አመሰግንሃለሁ። እነዚህ ያንተ ጨዋታዎች ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ታውቆ ነው የሚሸጡት፤ አንተ የገዛኸውና ጎረቤትህ የገዛው አንድ ነው። እንደ ማጂክ ያሉት፣ ከ1993 ጀምሮ ያሉት፣ የታሸገ ፓኬት ገዝተህ ምን እንደሚወጣልህ ቀድደህ ነው የምታየው። እሱ ለኔ ሎተሪ ነው። ጨዋታው ራሱ ጎበዝ ነው ይላሉ፣ አልክድም። በኛ ቤት ደም ግን አይሆንም። ገባህ አይደል? አይሆንም።

አርካም ሆረር በሚባለው የመርማሪዎቹ ጨዋታ ላይ ደግሞ ስማኝ። ዋናው ሳጥን በ2016 ሲወጣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ነበር። በ2021 የታደሰው እስከ አራት ያጫውታል። ያገለገለ ልትገዛ ስትል የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። ድሮ የሚወጣው አንድ ታሪክ በአንድ ትልቅ ሳጥንና በስድስት ትናንሽ ፓኬቶች ተከፋፍሎ ነበር፤ ከስድስቱ አንዱ ከጎደለ ታሪኩ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። አሁን ታሪኩ በአንድ ሳጥን፣ የመርማሪዎቹ ካርታ በሌላ ሳጥን ነው የሚሸጠው። ታሪክ ከፈለግህ የታሪኩን ሳጥን ብቻ ግዛ። ግን መጀመሪያ ዋናው ሳጥን ውስጥ ያለችውን ባለ ሦስት ክፍል ታሪክ ጨርሳት። ጨርሰሃታል? እህትህ «ሁለተኛው ክፍል ላይ ቆሟል» ብላኛለች። ታዲያ?

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልውሰድህ።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ የሚባል ነገር ነበር። ሰዓቱ ካለፈ ውጭ የተገኘ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ስለዚህ ካመሸ ሁሉም ቤቱ ነው፤ እንግዳ የሆነም እዚያው ያድራል። አያትህ ካርታ ያወጣ ነበር። በዓመት አንዴ የሚገዛ አይምሰልህ፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ የነበረው ካርታ እስክድር ድረስ ነበር። ጥጎቹ ተበልተው ክብ ሆነዋል። ኮንከር ነው የሚጫወቱት። አንድ ቀን የልብ ሰባት ጠፋች። አያትህ የኒያላ ሲጋራ ፓኮ በምላጭ ቆርጦ በቀይ ቢክ ሰባት ልብ ሳለባት። አንዷ ልብ ቦታ አጥታ ጥግ ላይ ተጣማ ነው የተሳለችው። ከሌሎቹ ወፈር ያለች ናት፤ ጀርባዋም ሌላ ነው። ስለዚህ ሰባቷ ማን እጅ እንዳለች ሁሉም ሰው ያውቃል። አያትህ ግን እየያዛትም በኩራት «ማንም አያውቅም» ይላል፤ እኛ ሕፃናቱ መሬት ላይ ተንከባለን እንስቃለን።

ከኛ ጓሮ የምትከራይ መምህርት ነበረች። ባሏን ወስደውታል። ወዴት እንደወሰዱት አልተነገራትም። መጀመሪያ መጀመሪያ ከኛ ጋር ትጫወት ነበር፤ በኋላ ግን ካርታውን ተውሳ ክፍሏ ትሄዳለች። አንድ ማታ እናቴ እንጀራ ይዤላት እንድሄድ ላከችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ለብቻዋ አልጋው ላይ ካርታ እየደረደረች አገኘኋት። ትደረድራለች፣ ትሰበስባለች፣ ትበውዛለች፣ እንደገና ትደረድራለች። ወፍራሟ ሰባት ጀርባዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ማንን እንደምታታልል አላውቅም። «ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት። «ጊዜ እየገደልኩ ነው» አለችኝ። እንጀራውን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ አልነካችውም። በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረች። የባሏን ወሬ ከኛ መሐል የሰማ የለም።

እህትህ «ለብቻው» ስትለኝ እሷ ነች ትዝ ያለችኝ። አቡሽ፣ አንተ የምትጠብቀው ሰው አለ? ካለ ንገረኝ። ከሌለም ንገረኝ። ሳጥን ግን የሰው ቦታ አይሞላም፤ አስር ቢሆን፣ ሃያ ቢሆን። የመጀመሪያውን ሳትጨርስ ሁለተኛ አትግዛ የምልህም ለብሩ ብቻ አይደለም።

ይሄን ካልኩ ሥራ ላይ እንግባ።

ስሊቭ ግዛ። የካርታ ላስቲክ ልባስ ማለቴ ነው። የነዚህ ካርታዎች ልክ 63.5 በ88 ሚሊሜትር ነው፤ ሌላ መጠን ገዝተህ እንዳትጣላ። ጀርባው የማያሳይ ይሁን። አያትህ ያን ቢያገኝ ኖሮ የኒያላዋ ሰባት ከሌላው እኩል ትሆን ነበር። የጀግናውን ካርታና የጠላቱን ካርታ በተለያየ ቀለም አድርግ፤ አለበለዚያ ስትሰበስብ ትቀላቅለዋለህ። ልባስ ስታደርግ ካርታው ስለሚወፍር ሳጥኑ ውስጥ አልገባም ሊልህ ይችላል። ሳጥን አነሰኝ ብለህ ሌላ እንዳትገዛ። የጫማ ካርቶን አለህ።

የሳጥኑን ጎን ስታነብ «ከ1 እስከ 4» ቢል አትመን። ማርቭል ቻምፒየንስ ላንድ ወይም ለሁለት ሰው ይጣፍጣል፤ አራት ስትሆኑ ተራህ እስኪደርስ ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል። ዶሚኒየን ጎበዝ ጨዋታ ነው፣ በ2008 የወጣው፤ ግን ለብቻህ አይሆንም፣ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። ለብቻህ ካማረህ ፍራይዴይ የሚባል አለ፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተሠራው፣ ደሴት ላይ የቀረውን ሮቢንሰንን ማዳን ነው። ትንሽ ሳጥን ነው። እሱንም አሁን አትግዛ። ላስታውስህ ነው እንጂ።

ከሰው ጋር ለመጫወት ግን ዘ ክሩው የሚባለውን ጨዋታ አውጣው። ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ፣ ጥግ ላይ ተወትፏል፣ እሱም አልተከፈተም! በ2019 ወጥቶ በ2020 ጀርመኖች ሸልመውታል። 50 ተልዕኮ አለው። ሁላችሁም አንድ ቡድን ናችሁ፤ ግን እጃችሁ ላይ ስላለው ካርታ ማውራት አይፈቀድም፤ በተልዕኮ አንድ ካርታ ብቻ ማሳየት ትችላለህ። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ልክ ነው። የሐበሻ ልጆቹን ጥራቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምታገኛቸውን። የላክሁልህ በርበሬ አለ፤ ወጥ ሥራ። ቀይ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላላው፣ ዘይት አታብዛ። ከተበላ በኋላ ጠረጴዛውን ጥረጉና ጀምሩ። እጅ ሳይታጠብ ካርታ አይነካም፤ ወጥ የነካው ልባስ እንኳን አይጠራም።

እኔና እህትህ ምን እንደምንጫወት ልንገርህ? ሬጂሳይድ። ሳጥን አያስፈልገውም፤ ተራ ካርታ ይበቃል። ባለ ሥዕሎቹን 12 ካርታ ታወጣለህ፣ እነሱ ጠላቶችህ ናቸው። ጃክ 20 ነፍስ አለው፣ ንግሥት 30፣ ንጉሥ 40። ቁጥሮቹ ወታደሮችህ ናቸው። ክለብ ምትህን እጥፍ ያደርጋል፣ ስፔድ ይከላከልልሃል፣ ዳይመንድ ካርታ ያስስብሃል፣ ልብ ደግሞ የተጣለውን ይመልስልሃል። ጠላቱ ካልሞተ መልሶ ይመታሃል፤ ጃክ በ10፣ ንግሥት በ15፣ ንጉሥ በ20፤ ቁጥሩ ተደምሮ ያን ያህል የሚሞላ ካርታ ከእጅህ ትጥላለህ። ካነሰህ አለቀ። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ነፍሱን ልክ በቁጥሩ ከጨረስክ ጠላቱ ሞቶ አይቀርም፣ ከምትስበው የካርታ ክምር አናት ላይ ይገባና ያንተ ይሆናል። እህትህ ንግሥቶቹን ለቅማ ስትወስድ አባትህ «ይሄ ጨዋታ ፖለቲካ ነው» ይላል። ለብቻህ ከሆንክ ስምንት ካርታ ይዘህ ትጀምራለህ፤ ሁለቱ ጆከሮች ደግሞ ሲጨንቅህ እጅህን ጥለህ አዲስ የምትሞላባቸው ናቸው። እኔ ለብቻዬ ንጉሦቹ ጋ ስደርስ እሞታለሁ። አባትህ ሲያንኮራፋ ነው የምሞክረው።

እንግዲህ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ በልና ያልተከፈቱትን ቁጠር። ደረሰኝ ያለውን መልስ። የማይመለሰውን ሽጥ ወይ ስጥ። ሁለት አስቀር፤ አንድ ላንተ፣ አንድ ለሰው። ቁጥሩን ለእህትህ ሳይሆን ለኔ በቴክስት ላክ። አዲስ ሳጥን ለመግዛት እጅህ ሲያሳክክህ ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን ደውል፤ ነቅቼ ነው የምሆነው። የመጀመሪያውን ጨረስክ ወይ ብዬ ብቻ ነው የምጠይቅህ።

የኪራዩን ነገር አስተካክለሃል? መኪናህን ዘይት ቀይር፣ በብርድ ሞተሩ ይጎዳል። ለፋሲካ ስትመጣ ትልቁን ሻንጣ ባዶውን ይዘህ ና፤ ሽሮና ድርቆሽ አዘጋጅቻለሁ። ካርታ አታምጣ፣ እኛ ጋ አለ።

እናትህ