የታሪክ ክበብ፦ ከግላስኔቪን ጋር ያሳለፍነው ዓመት

በመስከረም፣ ዓመቱን ምን እናጥና ብለን ስንመካከር፣ «መቃብር» ያለችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሁለት ሦስቱ አማተቡ። እኔ ግን ደገፍኳት፤ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ያለውን የግላስኔቪን መካነ መቃብር መረጥን። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆቹን የያዛቸው አጀማመሩ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ካቶሊኮቹ የራሳቸው መካነ መቃብር አልነበራቸውም። ሬሳቸውን በፕሮቴስታንቶች ቅጥር ግቢ ያሳርፋሉ፤ ካህናቸው ግን እዚያ ቆሞ ፍትሐት ማድረስ አይችልም። በ1823 አንድ ካህን በመቃብር አፋፍ ጸሎት እንዳያደርስ ሲከለከል ከተማው ተቆጣ። ጠበቃው ዳንኤል ኦኮኔል ነገሩን ይዞ ተነሣ፤ ግላስኔቪንም በ1832 ተከፈተ። ያለ ፍትሐት መቀበር ምን እንደሆነ ለልጆቻችን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ።

መጀመሪያ የተቀበረው ማይክል ኬሪ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ነው። የሰባተኛ ክፍሎቹ ዕድሜያቸው ስለሆነ ስሙን ዓመቱን ሙሉ ሲያነሱት ከረሙ።

9 ኤከር የነበረው ቦታ ዛሬ ከ120 ኤከር በላይ ነው፤ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው አርፎበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ረሃብና ኮሌራ የጨረሳቸው፣ በጅምላ የተቀበሩ ድሆች ናቸው። በአጥሩ ላይ የጥበቃ ማማዎች አሉ፤ ሬሳ እየቆፈሩ ለሐኪሞች ማስተማሪያ የሚሸጡ ሌቦች ነበሩና።

ኦኮኔል በ1847 ጄኖዋ ላይ ሲያርፍ ልቡ ወደ ሮም፣ አስከሬኑ ወደ ደብሊን ሄደ። አሁን ያለው 55 ሜትር በሚረዝመው ክብ ማማ ሥር ነው። ቁመቱን በገመድ ለክተን በኳስ ሜዳው ላይ ዘረጋነው፤ ከጎል እስከ መሀል ሜዳ አልፎ ሄደ።

ሁለተኛውን ሴሚስተር በክርክር አሳለፍነው። በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በ1922 የተገደለው የአንዱ ወገን መሪ ማይክል ኮሊንስና የተቃራኒው ወገን መሪ ዴ ቫሌራ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። «እንዴት ጎን ለጎን?» የሚሉና «የት ሊሄዱ ኖሯል?» የሚሉ ተከራከሩ። ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ።

ከሁሉ የወደድኩት የኦኮኔልን ውሳኔ ነው፦ የማንኛውም ሃይማኖት ሰው ይቀበርበት አለ። በሩ የተዘጋበት ሕዝብ የራሱን በር ሲያገኝ በሌላው ላይ አልዘጋውም። ፕሮቴስታንቱ የአየርላንድ ፖለቲከኛ ፓርኔል እዚያው ነው፤ ከስሙ በቀር ምንም ባልተጻፈበት ትልቅ ድንጋይ ሥር። ሐሳቡን ያመጣችው ተማሪ በሳለችው ካርታ ላይ ድንጋዩን ከማማው አጠገብ አስቀምጣዋለች፤ ካርታው ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ነው።