ግልጽ ደብዳቤ፦ የደሴ መብራቶች ወደ ታች ይብሩ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ የሚተከሉ የመንገድ መብራቶች ብርሃናቸው ወደ መሬት ብቻ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው በመደነቃቸው ከተማ እንዲቆረቆር ማዘዛቸውን በደሴ ያደገ ሁሉ ሰምቶታል። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1882 ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ መስከረም 1875 ዓ.ም.፣ በፀሐይ አጠገብ ያለፈው ታላቁ ጅራታም ኮከብ በጠራራ ቀን ሳይቀር በዓይን ይታይ ነበር፤ ለፀሐይ እጅግ ከመቅረቡ የተነሳ አስኳሉ ተሰባብሯል።

ብዙ የማይነገረው ቀጥሎ ያለው ነው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን የምልከታ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ጊል ካሜራ ከቴሌስኮፕ ጋር አስሮ ያንን ኮከብ ፎቶ አነሳው። የፎቶው ሰሌዳ ታጥቦ ሲወጣ ከጅራታሙ ይልቅ ከኋላው የታዩት ከዋክብት ብዛት አስገረመው። ከዋክብትን በፎቶ እየቆጠሩ በካርታ ማስፈር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ እኔን መሰል የሰማይ ፎቶ አንሺዎች በሙያችንም በከተማችንም ለዚያ ኮከብ ባለዕዳዎች ነን ብል ብዙ ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰማያችን ለምን እንደሚያስቀና ላስረዳ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአየሩ አንድ አራተኛው ያህል ከእግራችን በታች ቀርቷል። የምንገኘው በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሰሜኑም ደቡቡም ይደርሰናል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ኮረብታ በቀላሉ ይሸፍነዋል። በግንቦት ምሽት ፊትን ወደ ደቡብ ላዞረ ግን የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አውሮፓ ያለ አማተር ይህን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል። በኅዳር ብርድ ደግሞ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ የጉም ቁራጭ መስላ በባዶ ዓይን ትታያለች። ከዚያ የሚደርሰን ብርሃን መንገድ ከጀመረ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ካሜራ ዓይን የማይችለውን ያደርጋል፤ ብርሃን ያጠራቅማል። በ20 ሚሊሜትር ሌንስ 20 ሰከንድ ያህል ከፍቶ መተው ይቻላል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ይሆናሉ። ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ሰይፍ ላይ ያለችውና በዓይን ግራጫ የምትመስለው ኔቡላ፣ የጋዝና የአቧራ ደመናዋ፣ በፎቶ ቀላ ብላ ትወጣለች። ችግሩ ካሜራ አያዳላም፤ በዚያው 20 ሰከንድ የመንገዱንም መብራት ያጠራቅማል። አየር ላይ የተበተነ ነጭ ብርሃን በሰማይ ላይ እንደ ነጭ ጎዳና የተዘረጋችውን ፍኖተ ሐሊብን ጠራርጎ ያጠፋታል።

ብርሃን ይቅር አላልኩም። በሌሊት ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ለሱብሂ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው መንገዱ ሊበራለት ይገባል። የምጠይቀው በኮሪደር ልማቱ የሚተከሉት መብራቶች ከላይና ከጎን የተከደኑ ሆነው ቀጥ ብለው ወደ መሬት እንዲያበሩ ነው። ቀለማቸውም ከ3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ያልበለጠ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሁን፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ይበተናል፤ ሰማይ በቀን ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛፍና ሕንፃ ለማስጌጥ ከሥር ወደ ላይ የሚበሩት ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢጠፉ ማን ይጎዳል? ወደ ሰማይ ለሚሄደውም ብርሃን ቆጣሪው ይቆጥራል። በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ ለተሠራች ከተማ ነገሩ የሰማይ ብቻም አይደለም፤ ያልተከደነ መብራት ከላይ ላሉት ቤቶች በመስኮት ይገባል፣ ቁልቁል የሚወርደውን ሹፌርም ዓይን ይወጋል።

ይህን አስቀድሞ የሠራ ከተማ አለ። በአሜሪካ አሪዞና ያለችው ፍላግስታፍ እንደ እኛ ተራራማ ናት፤ ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚለቀቅ ኃይለኛ መብራትን የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ በ2001 ደግሞ ለጨለማ ሰማይ ጥበቃ በዓለም የመጀመሪያዋ ዕውቅና ያገኘች ከተማ ሆነች። መንገዶቿ ዛሬም ይበራሉ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ አጭር ነው። በዚህ ጊዜ በሌሊት ሜዳ ላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተክሎ የሚቆም ሰው ለጸጥታ አስከባሪ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ቴሌስኮፕም ከሩቅ ሲያዩት መልኩ ደስ አይልም። ስለዚህ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ በወር አንዴ፣ በአይጠየፍ ግቢ ወይም አስተዳደሩ በሚመርጠው ቦታ በፈቃድ እንድንሰበሰብ ይደረግ። ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ይምጡ፤ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ለማየት አነስተኛ ቴሌስኮፕ ይበቃል። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ የደሴ ልጅ ግን ጨረቃን ቀረብ አድርጎ ለማየት አዲስ አበባ መውረድ የለበትም።

የመብራቱን ነገር በወረቀት ብቻ ማመን ከከበደ፣ ሳይተከሉ በፊት በአንድ መንገድ ላይ የተከደነና ያልተከደነ መብራት ጎን ለጎን ይሰቀልና የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች በሌሊት ይዩት። እኛ ሁለቱንም ፎቶ አንስተን በነፃ እናስረክባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ