እውነት ነው፣ ልጅዎ ምላጭ አልያዘችም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ አንድ አባት ስለ ክረምቱ የሕክምና ሙያ ማስተዋወቂያ ፕሮግራም የጻፉትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ቀዝቀዝ ብዬ። ጋዜጣውን ያመጣችልኝ የእኚሁ አባት ልጅ ናት። አራት ቦታ አጥፋ በቦርሳዋ ይዛው መጣችና የላቦራቶሪያችን መስኮት ፊት ቆማ «ሲስተር፣ ይቅርታ፤ የጻፈው አባቴ ነው» አለችኝ። ሲስተር አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ይሁን እንጂ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ስለምትባል 26 ዓመት ሙሉ አቤት ስል ኖሬያለሁ። ይህን መልስ የምጽፈው ልጅቷን አስፈቅጄ ነው።

የአባትየው ቅሬታ በአጭሩ ይህ ነው። ልጃቸው ሐኪም እንድትሆን ይመኛሉ። ምኞቱ እንዲጸናላት ለሁለት ሳምንት ሆስፒታል ላኳት። እኛ ግን «ዕቃ መቀቀያና የደም ብልቃጥ» ስናሳያት ከረምን፤ አንድ ቀን እንኳ ምላጭ አልያዘችም፤ በመጨረሻም «አዋላጅ ብሆንስ?» እያለች ቤት ገባች። እኔ በፕሮግራሙ የላቦራቶሪውን ሦስት ቀን የማስተምረው ሰው ስለሆንኩ፣ ከቅሬታው የሚበዛው የሚመለከተው እኔን ነው።

ከምላጩ ልጀምር። እውነት ነው፣ አልያዘችም። በሚቀጥለው ክረምት የሚመጣውም ተማሪ አይዝም። ታካሚ ወደ እኛ የሚመጣው ሊድን እንጂ የልጆቻችን መለማመጃ ሊሆን አይደለም። የ16 ዓመት ልጅ ታካሚ የሚወጋበት፣ ቁስል የሚሰፋበት የክረምት ፕሮግራም ካለ ወላጅ ሊኮራ ሳይሆን ሊደነግጥ ይገባዋል። ደግሞስ ምላጩን የሚይዘው ባለሙያ ራሱ ዝም ብሎ ይቆርጣል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ቅጽ አለ። ቆዳ ከመነካቱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ፤ የታካሚው ማንነት፣ የሚሠራለት ነገርና የሰውነቱ ክፍል በድምፅ ይረጋገጣል። ነርሷ ጥያቄውን ጨርሳ እስክታነብ ትልቁ ሐኪም እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። ልጆቹ ይህን ቅጽ ቃል በቃል አንብበዋል፤ ማን ምን እንደሚል ተከፋፍለውም ተለማምደውታል። የሐኪሙን ቦታ ለመያዝ ሲጋፉ የነርሷን የፈለገ አልነበረም። የአባትየው ልጅ «ጥያቄው ሁሉ የእሷ ከሆነ እኔ ነርሷን እሆናለሁ» ብላ ወሰደችው።

ምንም አልነካችም የሚለው ግን ስህተት ነው። በሁለተኛው ቀን የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ የፕላስቲክ ሰው መሬት ላይ አስተኝቶ፣ ልቡ የቆመ ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫን አሳያቸው፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጥልቀቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ሳያንስ፣ ከ6 ሳይበልጥ፣ ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ እየለቀቁ። ልጆቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ። ሳቁ አንድ ደቂቃ አልቆየም። ይህች ልጅ ከሁሉም ቀጭኗ ናት። ክርኗን ሳታጥፍ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ እየቆጠረች ስትጫን ላቧ ከአፍንጫዋ ጫፍ ፕላስቲኩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ነርሱ «ቀይሩ!» ሲል ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ተነሣችና «ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው እንዴ?» አለች። አዎ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ክንድ ይዝላል፣ ጫናው ለራሱ ለሚጫነው ሰው ሳይታወቀው እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰው ይቀያየራል። ልጅቷ ያን ዕለት የአንድን ሰው ሕይወት ለማቆየት ቢያንስ ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ በክንዷ ተምራለች።

«ዕቃ መቀቀያ» ያሉት የማምከኛ ክፍሉን ነው። አባባሉ አስቆኛል፤ እዚያ የምትሠራውን ባልደረባዬን ግን አላሳቃትም። አውቶክሌቭ የሚባለው ማሽን እንፋሎትን በግፊት አምቆ እስከ 121 ወይም 134 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያደርሰዋል፤ ውሃ ድስት ውስጥ ቢንተከተክ እዚያ አይደርስም። መሣሪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚታሸግበት ፕላስተር ላይ ፈዘዝ ያሉ ሰያፍ መስመሮች አሉ፤ ሙቀቱ ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። ባልደረባዬ በየክረምቱ አንድ ያልገባ ጥቅል ከገቡት መካከል ደባልቃ ለልምምድ በተዘጋጀው ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና ልጆቹን በፊቱ ታሳልፋቸዋለች። ዘንድሮ 14 ልጆች አልፈውት ሄዱ። 15ኛዋ ቆመች። «ይኼኛው መስመሩ አልጠቆረም» አለች። የማን ልጅ እንደሆነች አንባቢ ገምቷል። ባልደረባዬ ደስታዋን ደብቃ ሌላ ጥያቄ ጨመረችባት፤ «የጠቆረውስ ንጹሕ ነው?» ልጅቷ «አዎ» አለች፤ ተሳሳተች። የጠቆረ መስመር ጥቅሉ ሙቀት እንዳገኘ እንጂ በውስጡ ያለው ጀርም ሁሉ እንደሞተ አይናገርም። ያ የሚረጋገጠው ሙቀት እጅግ የሚቋቋሙ ረቂቅ ሕዋሳት ከዕቃው ጋር ገብተው፣ ሲወጡ መሞታቸው ሲታይ ነው። ምላጩን የሚይዙት ሰዎች ሁሉ ይህችን ሴት አምነው ነው የሚቆርጡት።

ወደ እኔ ቤት ወደ «ደም ብልቃጡ» ልምጣ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቱቦ ሰጥቻቸው «ልዩነታቸውን ንገሩኝ» እላለሁ። ቀለማቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ፣ የተጻፈባቸው ስም አንድ። የሚለያዩት በካርድ ቁጥራቸው የመጨረሻ አሃዝ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥተው ደሙን ያያሉ እንጂ ወረቀቱን አያነቡም። ከዚያ በኋላ ነው ደም ዓይነት የምንለየው። በነጭ ሰሌዳ ላይ የደም ጠብታዎች፤ በአንዱ ላይ ፀረ-ኤ የሚባለው ሰማያዊ መፈተሻ ፈሳሽ፣ በሌላው ላይ ቢጫው ፀረ-ቢ። በቀጭን እንጨት አዋህዶ ሰሌዳውን ቀስ እያሉ ማወዛወዝ ነው። ያልተስማማው ደም ዓይንህ እያየ እንደ አሸዋ ይቋጠራል፤ ሌላው እንደነበረ ለስልሶ ይቀራል። ይህን ምሥጢር ካርል ላንድሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ቪየና ላይ ይፋ እስኪያደርግ ድረስ ደም ከሰው ወደ ሰው መስጠት ዕጣ መጣል ነበር፤ እሱም በ1930 ኖቤል ተሸልሞበታል። ላንድሽታይነር ሐኪም ነበር፤ የሠራው ሥራ ግን የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ልጆቹ አሸዋውን ሲያዩ ይደነቃሉ። እኔ ግን ወደ ወረቀቱ እመልሳቸዋለሁ፤ ምክንያቱም የማይስማማ ደም ለታካሚ የሚሰጠው በአብዛኛው ምርመራው ከሽፎ ሳይሆን ስምና ቁጥር ተምታቶ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በሌሊት ተረኝነት፣ ሁለት ስመ ሞክሼ ታካሚዎች ነበሩ። የአንዷን ውጤት በሌላዋ ቅጽ ላይ ጻፍኩት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዋርዱ ነርስ ደወለች፤ «ይህች ታካሚ ባለፈው ዓመት ኦ ነበረች፤ ዛሬ እንዴት ኤ ሆነች?» ስልኩን ይዤ ጉልበቴ ከዳኝ። ደሙ ገና አልተሰቀለም ነበር። ያቺ ነርስ የድሮውን ካርድ ገልጣ ባታይ ኖሮ የሆነው ይሆን ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ በየዓመቱ እነግራለሁ፤ ባልነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ልጅም ነበረን። «ቀዶ ሐኪም እሆናለሁ» ብሎ የመጣ ነው፤ ከሁሉም በላይ ድምፁ የሚሰማው እሱ ነበር። ሦስተኛው ቱቦ ሲከፈት ፊቱ አመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቀውና እንደ ግንድ ወደቀ። ደግነቱ ረዳቴ ጭንቅላቱን ቀለበው። አስተኝተን እግሩን ከፍ አደረግንለት፤ ወዲያው ነቃ። ደም አይቶ መውደቅ ውርደት አይደለም፤ ዛሬ ስመ ጥር ከሆኑት ሐኪሞች መካከል በተማሪነታቸው የወደቁ አውቃለሁ። ልጁ ግን በማግስቱ ረጋ ብሎ «እኔ ማሽኑን ነው የወደድኩት» አለኝ። ደሙን በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለየው ማሽን፣ ሰንትሪፊውጁ፣ ለምን እንደማይንቀጠቀጥ፣ ቱቦዎቹ ለምን ትይዩ ሆነው እንደሚቀመጡ ሲጠይቅ ዋለ። ይህን በሁለት ሳምንት ማወቅ ይሻላል ወይስ በሕክምና ትምህርት ቤት አራተኛ ዓመት ላይ?

አሁን ወደ አዋላጅነቱ። ጸሐፊው «አዋላጅ» የሚለውን ቃል የጻፉት ከደረጃ ዝቅ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሚሠሩት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ነበሩ። በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 እናቶች 10 ያህሉ ሲሞቱ በአዋላጆቹ ክፍል የሚሞቱት 4 ያህል ነበሩ። እናቶች ይህን ስለሚያውቁ ወደ ሁለተኛው እንዲገቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር። ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለው ሐኪም በ1847 ምክንያቱን ደረሰበት፤ ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ በቆዩበት እጃቸው እናቶችን ይነኩ ነበር። በክሎሪን ውሃ ካስታጠባቸው በኋላ ሞቱ ወደ አዋላጆቹ ልክ ወረደ። ሐቁን ላለማጣመም፣ አዋላጆቹ አስከሬን ስለማይነኩ እንጂ እጅ መታጠብ ቀድመው ስላወቁ አልነበረም። ግን እነዚያ እናቶች የማንን እጅ ይመርጡ እንደነበር አንርሳ።

ልጅቷን አዋላጅነት ያስወደዳት ይህ ታሪክ አይደለም። አሻንጉሊት ነው። ተማሪ ማዋለጃ ክፍል አናስገባም፤ ስለዚህ አዋላጅዋ በአሻንጉሊት ነው የምታስተምረው። ቨርጂኒያ አፕጋር የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 አዲስ ለተወለደ ሕፃን ነጥብ መስጫ አወጣች፤ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽና የቆዳ ቀለም፣ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2፤ ዛሬ የሚሰጠው በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ ነው። (ራሷ አፕጋር በቀዶ ሕክምና ሠልጥና በኋላ ወደ ማደንዘዣ ሕክምና የዞረች ናት፤ መንገድ መቀየር አባትየው እንደሚሉት ጥፋት ከሆነ ይህ ነጥብ መስጫ አይኖርም ነበር።) አዋላጅዋ «ልቧ በደቂቃ 140 ይመታል፤ ታለቅሳለች፤ እጅና እግሯን አጥፋ ትራገጣለች፤ አፍንጫዋን ስነካት ታስነጥሳለች፤ መዳፏና የእግሯ ጫማ ግን ገና ሰማያዊ ናቸው» አለች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አሥር!» አሉ። አንዲት ድምፅ ከኋላ «ዘጠኝ» አለች። አዋላጅዋ ቀና ብላ አየቻት። ጤነኛ ሕፃን እንኳ በመጀመሪያው ደቂቃ ብዙውን ጊዜ አሥር አያገኝም፤ ደሙ እስከ ጣቶቹ ጫፍ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ልጅቷ ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ሁሉ የምትጠፋው ወደ አዋላጅዋ ዘንድ ነበር። እኔ ቀንቻለሁ፤ ወደ ላቦራቶሪው እንድታደላ ነበር ተስፋዬ።

አባትየው ልክ የሆኑበት ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል። የመዝጊያው ቀን አሳፍሮኛል። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ልጆቹ ያዩትን እንዲናገሩ የተሰጣቸው አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱም በፎቶግራፍ ተበላ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የሦስት ልጆች ስም ተሳስቶ ታትሟል፤ ስለ ስምና ቁጥር ሦስት ቀን ሙሉ ስወተውት ከርሜ! ተማሪ ስንመርጥም የምናየው የፈተና ውጤት ብቻ ነው፤ ለምን መምጣት እንደፈለጉ አንድ ገጽ ቢያስጽፏቸው የተሻለ ነበር። ከሁሉ በላይ ለወላጅ ቀድመን አለመናገራችን ነው ጥፋቱ። «ሐኪም እናደርግልዎታለን» አላልንም፤ ምን እንደምናሳይም አላልንም። ያን ክፍተት አባትየው በራሳቸው ምኞት ሞሉት። በበኩሌ ለአዘጋጆቹ ሁለት ገጽ ማስታወሻ አስገብቻለሁ፤ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ብቻ መመደቡንም ጽፌበታለሁ፤ ያ ረጅም ልጅ ግማሽ ቀን ቢያገኝ ኖሮ ማን ያውቃል።

ልጅቷ ሐኪም ልትሆን ትችላለች። አዋላጅም። ገና 16 ዓመቷ ነው፤ ሦስቴ ሐሳቧን ብትቀይር ጊዜ አላት። ጋዜጣውን ስትሰጠኝ «አባቴን አንድ ቀን ባመጣው ታስገቢዋለሽ?» ብላኛለች።

አስገባዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ፤ ታካሚ ከመብዛቱ በፊት ነው። ጣት የማያሳይ ጫማ ያድርጉ፣ ቀለበትና ሰዓታቸውን ቤት ይተዉ፣ ስልካቸውን ለእኔ ያስረክባሉ። ቁርስ በልተው ይምጡ፤ ባዶ ሆድ የመጣ ሰው ነው ቶሎ የሚወድቀው። ሁለቱን ቱቦዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት