የእማማ ጥያቄ

ደሴ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የጦሳ ተራራም እንደለመድሽው ጠዋት ጠዋት ጉሙን ለብሶ ይነሣል።

ስለ ዝምታዬ አስቀድሜ ልናገር፤ ሳልናገረው ሌላውን ብጽፍ ብዕሩ አይሄድልኝም። ለእናትሽ ለእማማ ለቅሶ አልደረስኩም። ማረፋቸውን የሰማሁት በ2014 ዓ.ም. እዚህ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ ነው። ያኔ ተነሥቼ ሐዋሳ መምጣት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል አርባቸው አለፈ፣ ሰማንያቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ። በዘገየሁ ቁጥር ድምፅሽን መስማት ከበደኝ። እናቴን ያህል እናቴ ነበሩ፤ ይህን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያሳርፍልን። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዛሬ እንድጽፍ ያስነሣኝ የልጄ ነገር ነው። ክርስትና የተነሣች ዕለት አቅፈሻት የዋልሽው ሕፃን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የመረጠችው ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። ወድዳ ነው የመረጠችው፤ ውጤቷ ለሌላውም ይበቃት ነበር። ዘመድ አዝማዱ ግን «ምነው፣ ጎበዝ አልነበረችም እንዴ?» ይለኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አገር ለምን ተራበ፣ ጦርነት ለምን ተነሣ፣ ዋጋ ለምን ናረ የሚለውን ማወቅ ከመቼ ወዲህ ነው የደካማ ሥራ የሆነው?

ማትሪክ በምንዘጋጅበት ዓመት የምናነበው እናንተ ማድ ቤት እንደነበር ታስታውሻለሽ። እማማ ቡና ይቆላሉ፣ እኛ ደብተራችንን ዘግተን የታሪኩን ጦርነት ሁሉ በቃላችን እንወጣዋለን፤ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ቦታውን፣ አንዱንም ሳንስት። ፊደል ያልቆጠሩት እናትሽ ብረት ምጣዱን ከእሳቱ ፈቀቅ አድርገው «ጎሽ ልጆቼ፤ ግን ለምን ተጣሉ?» ይሉን ነበር። አንቺ ቆም ብለሽ ታስቢያለሽ። እኔ ቶሎ ወደሚቀጥለው ገጽ እንድናልፍ እጎተጉትሻለሁ። ውጤት ሲመጣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገባሽ፣ እኔ ቀረሁ። ብዙ ዓመት ዕድል ነው ስል ኖርኩ። አሁን እንደዚያ አላስብም፤ ያቺን ጥያቄ ዘልዬ ማለፌ ነው።

የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እንደከፈትኩ ሰምተሽ ይሆናል። ከጥር ወዲህ ገበያዬ ተፈታኝ ተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የታሪክ ማጠቃለያ ነው ብሎ 12 ገጽ አምጥቶ 40 ቅጂ አስነሣ። ወረቀቱ ከማሽኑ ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ ዓይኔ አረፈበት። «ውጫሌ፣ 1889፣ አንቀጽ 17» ይላል። ከሥሩ «አድዋ፣ 1896» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ነጭ መስመር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሆነው ነገር በሙሉ እዚያ ነጭ ቦታ ላይ ቀርቷል። ወረቀቱን ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ማታ ልጄን አስቀምጬ ጠየቅኋት። ውጫሌ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ወልድያ ስንሄድ የምናልፍባት ከተማ ናት። ምኒልክና ኢጣልያ የተፈራረሙትን የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መገልገል «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ደግሞ ግዴታ አድርጎታል። «ይቻላቸዋል» የምትለውን ቃል በእርሳስ ከበበቻትና ዝም አለች። ቆይታ «ስለዚህ የፈረሙት ሁለት የተለያየ ውል ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ የእማማን ጥያቄ ጠየቅኋት። ከዚያ በኋላ እኔ አልተናገርኩም። ኢጣልያ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት ማስታወቋን፣ ምኒልክ አልቀበልም ማለታቸውን፣ በኋላም ውሉን ማፍረሳቸውን ራሷ እየተከተለች አድዋ ደረሰች። ዓመቶቹን ሸምድጂ አላልኳትም፤ ነገሩ ሲያያዝላት ዓመቶቹም አብረው ተያያዙ።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ግን ያስቸግራታል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዓመቱም በአውሮፓውያን ነው። በቤታችን አድዋ 1888 ነው፣ የካቲት 23 ነው፤ በመጽሐፉ ደግሞ 1896፣ ማርች 1። «ሁልጊዜ ስምንት ቀንሺ» ብለው ያስተማሯት ሰዎች ሰገሌ ላይ ጥለዋታል። የራሳችን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የተሸነፉበት ጦርነት በእነሱ ኦክቶበር 27 ቀን 1916 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 17 ቀን 1909። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ልዩነት ሰባት መሆኑን የነገራት አልነበረም። አንቺ ክፍል ውስጥ ይህን እንዴት ነው የምታስተምሪው? ከአንቺ መስማት እፈልጋለሁ።

ጂኦግራፊውን ለማስረዳት ቅዳሜ ይዣት ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጋቢ ደርባ ነበር፤ ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ወርዶ ሳይጨርስ አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም፤ በሺህ ሜትር 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለውን ቀመር እዚያው መኪናው ውስጥ አሰላችው፤ አራት ዲግሪ ያህል ወጣላት። ቦርከናን ስታይ ደግሞ «ይህ ወዴት ይሄዳል?» አለች። ወደ አዋሽ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከእኛ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ግን በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በአንድ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ምድረ በዳ፣ ግማሹ ሜዲትራኒያን! ይህን ስትረዳ ፊቷን ብታይው ኖሮ።

ኢኮኖሚክሱን ከሱቁ እየተማረች ነው። የወረቀት ዋጋ ሲጨምር ቅጂ ላይ ብር ጨመርኩ፤ የተፈታኞቹ ቁጥር አልቀነሰም፣ የሠርግ መጥሪያ የሚያሳትሙት ግን ቀሩ። ለምን እንደሆነ ጽፋ አሳየችኝ፤ መልሷ ከመጽሐፉ ይልቅ ግልጽ ነበር።

የሚያሳስበኝ ሒሳብ ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጡ ልጆች ብዙዎቹ «ሒሳብ የእኛ አይደለም» ብለው ትተውታል፤ እሷም ወደዚያው እያዘነበለች ነበር። ግን ፈተናው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ነው፤ ከ600 ውስጥ 100ው ሒሳብ ነው። ያንን መቶ የጣለ ልጅ 300 ለመድረስ በቀረው ላይ ስንት ማምጣት እንዳለበት አብረን ደመርን። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሣች ሒሳብ ትሠራለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እፈራለሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ዓመት ግማሹን ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከፍ እያለ ነው፤ ቢሆንም ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው የዚያን ቀን ማታ ለእናቱ ምን እንደሚል አስቢው። እኔ ያን ማታ አውቀዋለሁ። እናንተ በር ላይ ቆሜ መግባት አቅቶኝ እማማ ናቸው ወጥተው እጄን ይዘው ያስገቡኝ። ምንም አልተናገሩም፤ ቡና ቀዱልኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ ስንት ዓመት ሙሉ ታሪክ ያስተማርሽ መምህርት ነሽ፤ እኔ ከዚህ በላይ ልወስዳት አልችልም። እሑድ እሑድ ማታ፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ግማሽ ሰዓት ብትደውዪላት። ማብራሪያ አትስጫት፤ ጠይቂያት ብቻ። መጀመሪያ በአማርኛ ታስረዳሽ፣ ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ትድገመው፤ የገባትን ነገር በእንግሊዝኛ ስታነበው የማታውቀው ይመስላታልና። ዘመነ መሳፍንት ላይ ደካማ ናት፤ ራሶቹ ይምታቱባታል። ከዚያ ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

ለእሷ እንደምጽፍልሽ አልነገርኳትም። ቅር ብሎሽ ከሆነና ካልደወልሽ አልቀየምሽም፤ መብትሽ ነው። ከደወልሽ ስልኩን እሷ ታንሣው፤ እኔ አጠገቧ ቡና እየቆላሁ እሰማለሁ። ቁጥሬ አልተለወጠም።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣ ከደሴ