«አዲስ የእንጉዳይ ዝርያ ተገኘ» ከማለታችን በፊት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ክረምቱ ገብቶ የጎንደር ዙሪያ ጫካ በረጠበ ቁጥር አንድ ዓይነት ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ከወይራ ወይም ከዋንዛ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ እንጉዳይ ይታያል፤ ከሥሩ «በዓለም ያልታወቀ ዝርያ» የሚል ጽሑፍ አለ። ነገሩ ጨርሶ የማይሆን አይደለም። በምድር ላይ ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን የፈንገስ ዝርያ ይኖራል ተብሎ ሲገመት፣ እስካሁን ስም የወጣለት 150 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ስም የሌለው ቢገኝ አይገርመንም። የሚያናድደው ፎቶው አገር ሲያዳርስ እንጉዳዩ ፌስታል ውስጥ ሸትቶ መጣሉ ነው። ናሙናው ከጠፋ የሚመረመር ነገር የለም።

መነሻው ዛፉ ነው። «ግንድ ላይ» ብሎ መጻፍ ግማሹን መረጃ መጣል ነው፤ ከእንጨት ፈንገሶች ብዙዎቹ ዛፍ ይመርጣሉና። ፒሮፎመስ ዴሚዶፊ የሚባለው ለምሳሌ የጥድ ነው። የቆመውን ጥድ ልቡን ይበላል፤ እንጉዳዩ ቅርፊቱ ላይ ብቅ ሲል ውስጡ ከበሰበሰ ቆይቷል። ስለዚህ ጥድ ይሁን ብሳና ወይም ባሕር ዛፍ፣ ቆሞ ይሁን ወድቆ፣ ከፍታውም ስንት እንደሆነ እዚያው በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ሲረጥብ ይፈስሳል። ከዚያ በሥሩ ያለውን እንጨት በቢላ ጫፍ ወጋ ማድረግ ነው። እንጨቱ ነጥቶ እንደ ቃጫ ከተሰነጠረ ፈንገሱ ሊግኒኑንም (እንጨቱን የሚያጠነክረውን ክፍል) ይበላል። ቡናማ ሆኖ እንደ ስኳር ድንጋይ አራት ማዕዘን እየተሰነጠቀ በጣት ሲታሽ ዱቄት ከሆነ ደግሞ የተበላው ሴሉሎሱ (የእንጨቱ ክር የተሠራበት) ነው፤ ሊግኒኑ ቀርቷል። ይህ ብቻውን ብዙ ወገኖችን ከምርመራው ያስወጣል።

ቀጥሎ እንጉዳዩን ገልብጦ ማየት ነው። የላዩ ቀለም ያታልላል፤ ዝናብ፣ ፀሐይና ዕድሜ ይቀያይሩታል። በታችኛው ገጽ ላይ ማስመሪያ አስጠግቶ፣ አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ከአሥር ቦታ መቁጠር ያስፈልጋል። ሲጫኑት ቀለሙ ይቀየር እንደሆነና ሽታው ምን እንደሚመስል ትኩስ እያለ ካልተጻፈ በኋላ አይገኝም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ሰበካ ጉባኤውን ማስፈቀድ ይገባል። ሁለት ወይም ሦስት እንጉዳይ በመሮ ከነጥቂት እንጨቱ ማንሳት ይበቃል፤ ሌላው እዚያው ይቅር።

አብዛኛው ናሙና የሚበላሸው በማድረቅ ላይ ነው። መጠቅለያው ወረቀት ይሁን (የእናንተ ጋዜጣ ለዚህ እጅግ ምቹ ነው)። ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው፣ አየር በሚዘዋወርበት ማድረቂያ ውስጥ ተሰባሪ እስኪሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። ወፍራሙ በአንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ምድጃ ዳር የተቀመጠ ናሙና ውጭው ይበስላል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ሻጋታ ይይዘዋል፤ በኋላ ላቦራቶሪ ሲገባ የሚነበበው ዲኤንኤ የሻጋታው ይሆናል። ለዲኤንኤ የሚሆን የጥፍር ያህል ቁራጭ ከማድረቁ በፊት ከመካከል ተወስዶ፣ በክብደት አሥር እጥፍ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ደረቅ ፍሬ) ውስጥ ይቀመጥ። የደረቀው በጥብቅ ታሽጎ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አንድ ሳምንት ይቆይ፤ አለዚያ ነቀዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ዱቄት ያደርገዋል። ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አይከፈት፤ እርጥበት ይስባል።

በማይክሮስኮፕ ሥር በምላጭ የተቆረጠ ስስ ክፋይ ይታያል። እንጉዳዩ የተሠራባቸው ክሮች አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ወፍራም ግድግዳ ያላቸውም አሉ? በክሮቹ መጋጠሚያ ላይ ክላምፕ የሚባለው ትንሽ እብጠት አለ? ሜልዘር በሚባለው የአዮዲን ፈሳሽ ስፖሩ (ፈንገሱ የሚራባበት እንደ ዘር ያለ ብናኝ) ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል ወይስ ወደ ቀይ ቡናማ? ክፋዩ አስቀድሞ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (ክፋዩን ለማለስለስ የሚጨመር ፈሳሽ) ነክቶት ከነበረ በውኃ በደንብ ይታጠብ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ የሚታየውም አይታመንም። ስፖር ቢያንስ 30 ይለካል፣ በ1000 ማጉላት፣ ርዝመቱም ስፋቱም። ስፖር ያልሰጠ ለጋ ወይም ያረጀ ናሙና ይዞ «አዲስ» ማለት ድፍረት ነው።

ዲኤንኤውም ብቻውን ፈራጅ አይደለም። አይቲኤስ የተባለው፣ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 700 ፊደል የሚሆነው ክፍል ተነብቦ ጂንባንክ ከተባለው ዓለም አቀፍ የዲኤንኤ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር «ከ97 በመቶ በታች ስለተመሳሰለ አዲስ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ በጣም ተቀራርበው የተለያዩ ዝርያዎች አሉ። በዚያ ላይ መዝገቡ ውስጥ ያለው ስም ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል። ጋኖደርማ ሉሲደም መጀመሪያ የተገለጸው ከአውሮፓ ነው። ከእስያና ከአፍሪካ የተገኙ ብዙ የሚያብረቀርቁ ጋኖደርማዎች ግን ለዘመናት በዚሁ ስም ተመዝግበዋል፤ በምሥራቅ እስያ ለመድኃኒት የሚመረተው ራሱ ጋኖደርማ ሊንግዚ የሚል የራሱን ስም ያገኘው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ንጽጽሩ ዝርያው መጀመሪያ ከተሰየመበት ናሙና ጋር መሆን አለበት፤ ከአንድ በላይ ጂንም ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ስሙ የሚጸናው በዓለም አቀፉ የአሰያየም ደንብ መሠረት ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መግለጫው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የፈንገስ ስም ከሚመዘግቡት ከማይኮባንክ፣ ከኢንዴክስ ፈንጎሩም ወይም ከፈንጋል ኔምስ የመመዝገቢያ ቁጥር ሳይወጣ የታተመ ስም አይጸናም። ስሙን የሚሸከመው አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ሆኖ በታወቀ ዕፅዋት ቤት (ሄርባሪየም፣ የደረቁ ናሙናዎች በሚጠበቁበት) ይቀመጣል፤ ለእኛ ቅርቡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ቁራጩ ለምርመራ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፖስታ ቤት ከመሄድ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

እናንተም «አዲስ ዝርያ» የሚል ዜና ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁልን፦ ናሙናው የት፣ በስንት ቁጥር ተቀመጠ? የስሙ መመዝገቢያ ቁጥር ስንት ነው? የት ታተመ? መልስ ካጣችሁ «ገና ያልተለየ እንጉዳይ» ብላችሁ አውጡት፤ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንደተገኘ ግን መጻፍ አትርሱ።

የእንጨት ፈንገስ ባለሙያዎች
ከጎንደር